የሸክላ ሠሪዋ አውራ ጣት

አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጋን አንኳኩታ የውስጡን ታውቅ ነበር። የደረቀውን ጋን በጣቷ አንጓ አንዴ መታ ታደርግና ጆሮዋን ታስጠጋለች። «ይኼ ከሆዱ በታች ተሰንጥቋል፤ እሳት አይችልም» ካለች፣ ያ ጋን እሳት አይችልም። በአገሩ ማንም ሰው እርሷ ሳትሰማለት ጋኑን ወደ እሳት አያስገባም ነበር። በቀኝ አውራ ጣቷ ላይ በልጅነቷ እሳት የተወላት ጠባሳ አለ፤ የጣቷን መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣቸዋል።

የጠየቅኸኝን አልዘነጋሁም። «ሕዝብ ነጻ ልውጣ አልውጣ ብሎ ድምፅ ሊሰጥ ሳምንት ሲቀረው፣ እኛ ማን እንደሚያሸንፍ ብንወራረድ ማን ይጎዳል? ግምት እኮ ነው፤ ድምፅ አይደለም» ብለኸኛል። መልሱ ያለው ከዚች ሴት ዘንድ ስለሆነ ታገሠኝ።

የሴትዮዋ አገር ትንሽ ናት፤ ሰዎቿ ሁሉ ጭቃ አቡክተው የሚያድሩባት። ከወንዝ ማዶ ያለ ንጉሥ ይገዛታል። በየዓመቱ ጋንና ገንቦ ትገብርለታለች፤ ተሸክመው የሚወስዱትም የራሷ ሰዎች ናቸው። የሸክላ ሠሪዋ አባት አንድ ዓመት ጋን ተሸክሞ ወጥቶ አልተመለሰም። «መንገድ ላይ ቀረ» አሏቸው። የትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ የነገራቸው የለም።

ንጉሡ ሲያረጅ መልእክተኛ ላከ። «ለብቻችሁ መሆን ትሻላችሁ፣ ወይስ ከእኔ ጋር መኖር? ራሳችሁ ቁረጡ። የቆረጣችሁትን አጸናለሁ። ነገር ግን የዛሬ ሕፃናት አያት እስኪሆኑ ድረስ ደግሜ አልጠይቅም፤ ልጄም አይጠይቅም» አለ።

በዚያች አገር ድምፅ የሚሰጠው በጭቃ ነው። እያንዳንዱ ሰው በቤቱ እንደ ሳንቲም ያለች ትንሽ ጥፍጥፍ ይሠራና አውራ ጣቱን ተጭኖ አሻራውን ያትምባታል። ለብቻ መሆንን የሚሻ ከነጭ አፈር፣ አብሮ መኖርን የሚሻ ከቀይ አፈር ይሠራል። ከዚያ በጭብጡ ደብቆ ያመጣትና በአደባባዩ ከቆመው ትልቅ ጋን ውስጥ ይጥላታል። ሁሉም ጥሎ ሲያበቃ የጋኑ አፍ በጭቃ ይመረጋል፤ ጋኑም ጥፍጥፎቹም አንድ ላይ ይተኮሳሉ። እሳት ያየ ሸክላ ወደ ጭቃ አይመለስምና ከእሳት በኋላ «ሐሳቤን ለወጥሁ» ማለት የለም። አሻራውን የሚመረምረው አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበር። የአገሩን ሰው አውራ ጣት ሁሉ በጣቶቹ ዳስሶ ይለያል፤ አንድ ሰው ሁለት እንዳይጥል የሚጠብቀውም እርሱ ነው።

ሸክላ ሠሪዋ ምን እንደምትጥል የወሰነችው መልእክተኛው ተናግሮ ሳይጨርስ ነው። ነጭ አፈር አቡክታ በእርጥብ የኮባ ቅጠል ጠቀለለችና ከውሃው እንስራ ሥር አኖረችው። «ለአባቴ» አለች። ማንም አልሰማትም።

ለድምፁ ቀን ወር ሲቀረው ውርርዱ ተጀመረ። አንድ ባለጠጋ መያዣ ተቀባይ ሆኖ ገበያው መሃል ተቀመጠ። አንዱ ፍየሉን በነጭ፣ ሌላው መጥረቢያውን በቀይ አስያዘ። እኩል ለእኩል ነበሩ፤ ክርክሩም ማለቂያ አጣ። አንድ ቀን ባለጠጋው ሰዎቹን አስከትሎ ሸክላ ሠሪዋ ግቢ መጣ።

«እትዬ፣ አንቺ የጋን ሆድ ታውቂ የለም ወይ? እስቲ የአደባባዩን ጋን አንኳኪና ምን እንደሚወጣው ንገሪን» አላት።

«ገና ባዶ ነው እኮ!» ብላ ሳቀች።

«የሞላውንማ እኛም እናውቀዋለን» አለ ከመሃል አንድ ቀልደኛ። «ወይስ ጆሮሽ ከወገብሽ ቀድሞ አረጀ?»

ሰዉ አውካካ። እርሷም እየሳቀች እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ተከተለቻቸው። በአደባባዩ ሰው ተሰብስቦ ጠበቃት። ጋኑን አንዴ መታ አደረገችና ጆሮዋን አስጠጋች።

ጋኑ ምንም አላለም።

ባዶ ጋን እንደ ባዶ ይጮኻል፤ ይኼኛው እንደ ባዶም አልጮኸ። የጥጥ ክምር የመታች ያህል ነበር። ደግማ መታችው። ዝም። ዙሪያዋን ስታይ ሰዉ ትንፋሹን ውጦ አፍ አፏን ያያል። «አላውቅም» ማለት ትችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን ዕድሜዋን በሙሉ አላውቅም ብላ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ አፈረች። ዓይኗ በጋኑ ቀይ ሆድ ላይ አርፎ ስለነበር «ቀይ ነው» አለች።

በዚያው ቀን በነጭ የተወራረዱት ወደ ባለጠጋው ጎረፉ። «ውርርዴን አዙርልኝ» ይላሉ። እርሱም ለማዞሪያ ከየሰዉ አንዳንድ ዶሮ እየተቀበለ አዞረላቸው።

ሸክላ ሠሪዋ አንዲት ባል የሞተባት ጎረቤት ነበረቻት፤ ያላት ንብረት አንዲት ላም ናት። ይቺ ጎረቤቷ አጥሩ ላይ ተደግፋ «እኔም ላሜን ቀይ ላይ አሰርኋት» አለቻት።

«አንቺ? ‹ለብቻችን ካልሆንን ሞቼ እገኛለሁ› ስትዪ አልነበረም እንዴ?»

«ልቤማ ነጭ ነው፤ ላሜ ናት እንጂ ቀይ ላይ ያለችው።» በራሷ ንግግር ሳቀች። «ታዲያ ነጭ ጥዬ በገዛ እጄ ላሜን ላስነዳት? ደግሞስ የእኔ አንድ ጥፍጥፍ ብቻዋን ምን ታመጣለች? ቀይ መሆኑ ላይቀር!»

«ጆሮዬ ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«ኧረ አታሟርቺብኝ! አንቺን አምኜ እኮ ነው!»

«አላውቅም» የሚለው ቃል በሸክላ ሠሪዋ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ በአገሩ አንድ ነገር ጠፋ፤ መጀመሪያ ላይ ማንም አላስተዋለውም። «እሻለሁ» የሚል ሰው ጠፋ። ሁሉም «ይሆናል» ይላል። አንዱን «አንተ የምትሻው ምንድን ነው?» ቢሉት፣ በማያውቀው ቋንቋ እንደ ተናገሩት ያፈጥና «ቀይ ነው የሚሆነው» ይላል። ድምፁ የሁሉም አንድ ዓይነት እየሆነ ሄደ። ሸክላ ሠሪዋን በመንገድ ሲያገኟትም ቆመው ሰላም ይሏታል፤ የሚያዩት ግን ፊቷን አይደለም፤ እጇን ነው።

አንድ ቀን በግቢዋ የደረደረቻቸውን ጋኖች ብታንኳኳ አንዱም አልመለሰላትም። ደህናውም ስንጥቁም ዝም። ጎረቤቷን ጠርታ «እስቲ ምቺው» አለቻት። ጎረቤቷ መታችውና «ምን ሆንሽ? እንደ ደወል ይጮኻል እኮ!» አለቻት። ዝምታው ለእርሷ ብቻ ነበር።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። ሸክላ ሠሪዋ በግራ ጭብጧ ነጩን፣ በቀኝ ጭብጧ ደግሞ ሌሊቱን የሠራችውን ቀይ ጥፍጥፍ ይዛ ተሰለፈች። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ነገር ግን የሚያወራ የለም፤ የእግር ኮቴ ብቻ ይሰማል። ንጉሡ የላከው መልእክተኛ ከጋኑ አጠገብ ቆሟል። ተራዋ እስኪደርስ አባቷን ስታስብ ቆየች። ስትደርስ ግን ያሰበችው ሌላ ነው። ነጭ ካሸነፈ ጎረቤቷ ላሟን ታጣለች፤ እርሷም ጆሮዋ የሞተ ሴት ትባላለች። ቀኝ እጇን ወደ ጋኑ አፍ ከተተች። ወደ ዳር ሄዳ ግራ እጇን ስትከፍት፣ ነጯ ጥፍጥፍ በላቧ ርሳ ተመልሳ ጭቃ ሆናለች።

ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ የጋኑን አፍ መረገ። ኩበቱና ጭዱ ተከመረ። እንደ ልማዱም ችቦው ከመለኮሱ በፊት፣ «ከእሳት በፊት የሚናገር አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ማንም አልተናገረም።

«ከእሳት በፊት የሚናገር አለ?»

ሸክላ ሠሪዋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። ጎረቤቷ የሚገፋት ሰው ያለ መስሏት ክንዷን ያዘችላትና ፈገግ አለችላት። እርምጃዋን መለሰች።

«ከእሳት በፊት የሚናገር አለ?» አለ ሽማግሌው ሦስተኛ። ይህን ሲል ፊቱን በትክክል ወደ እርሷ አዙሮ ነበር። ከዚያ «ለኩሱ» አለ።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ አመዱ ሲበርድ የጋኑ አፍ ተከፈተ። ጥፍጥፎቹ በሰሌን ላይ ፈሰሱ። ሁሉም ቀይ ነበሩ። አንዲት ነጭ እንኳ አልነበረችም። እልል ያለ የለም። ከመሃል አንዱ «አሸነፍን» ሊል ጀመረና አፉን ያዘ፤ የተሸነፈ ሰው ቢፈልግ አጣ። ሁሉም ቀይ ላይ ስለነበረ የሚበላው መያዣ የለም፤ ላሟም፣ ፍየሉም፣ መጥረቢያውም ወደየባለቤቱ ይመለሳል። ባለጠጋው ብቻ ዶሮዎቹን ይዞ ቀረ።

ሽማግሌው ሰሌኑ አጠገብ ተቀምጦ አሻራውን ይዳስስ ጀመር። የመጀመሪያዋን አነሣ። «ይቺ የሸክላ ሠሪዋ ናት» አለ፤ «ጠባሳዋ ይኸው።» ወደ ጎን አኖራትና ሁለተኛዋን አነሣ። ጣቱ ቆመ። «ይቺም የእርሷ ናት።»

«ሁለት ጣለች እንዴ?» የሚል ድምፅ ከወዲያ ተሰማ።

ሽማግሌው እጁን ወደ ሰሌኑ መለሰ። ሦስተኛዋን አነሣ፤ አራተኛዋን አነሣ። ጣቶቹ ይፈጥኑ ጀመር። «የእርሷ። ይቺም የእርሷ። ይቺም።» ሰዎቹ እየተጋፉ መጥተው ከሰሌኑ ላይ እየዘገኑ አዩ። በእያንዳንዷ ጥፍጥፍ ላይ ያው አንድ አውራ ጣት ነው፤ መስመሮቹን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ጠባሳ ያለበት። ጎረቤቷ የራሷን ጥፍጥፍ በጠርዟ መጉደል አወቀቻት። ገለበጠቻት። «እኔ ነኝ እኮ ያተምኋት» አለች፤ «በዚህ በጣቴ!» ጣቷን ቀና አድርጋ አየችው። ከዚያ ቀሚሷ ውስጥ ደበቀችው።

ሸክላ ሠሪዋ በጉልበቷ ወደቀች። «አልሰማሁም!» አለች። «ጋኑ ያን ቀን ምንም አላለኝም። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። እኔም የምሻው ነጭ ነበር!»

«እኔም» አለ አንድ ሰው። «እኔም» አለ ሌላው። «እኔም።» ጥቂቶች ደግሞ ቀይን ከልባቸው የሚሹ ነበሩ፤ የእነርሱም አሻራ የለም። ከስንቱ ስንቱ ምን ይሻ እንደነበር ሊያውቅ የሚችል ከእንግዲህ አልነበረም።

መልእክተኛው አንዲቱን ጥፍጥፍ አንሥቶ በመሐረቡ ቋጠረ። «ንጉሡ አገር ጠየቀ፤ የመለሰችለት ግን አንዲት ሴት ናት» አለ። «ቢሆንም መልስ መልስ ነው።» ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። በዚያው ዓመት ሸክም ተሸካሚዎቹ እንደ ወትሮው ጋን ይዘው ወጡ።

ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ፈለጋትና ራሷን ነካ። «ልጄ፣» አላት፣ «ሦስት ጊዜ ጠየቅሁሽ።»

እርሷም እስክትሞት ድረስ ጋን አላንኳኳችም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ጋኑ አንተ ድምፅህን የምትጥልበት ሳጥን ነው። ጥፍጥፏ ሰው ለብቻው፣ በቤቱ፣ ማንም ሳያየው በልቡ የሚያበጃት ፈቃዱ ናት። «ቀይ ነው» የምትለዋ ቃል አንተና ጓደኞችህ የምትወራረዱባት ግምት ናት። ግምት እኮ ነው አልኸኝ። አዎን፣ ግምት ነው፤ ነገር ግን ሰው የገመተው እንዳይከሽፍበት ሲል የሚሻውን ይተዋል። ላሙን ያሰረበትን ወገን ልቡ ይከተለዋል። «ምን እሻለሁ?» ማለትን ትቶ «ምን ይሆናል?» ማለት የጀመረ ሕዝብ፣ ቢሄድም ቢቀርም የሄደው ወይም የቀረው እርሱ አይደለም። ይህን የምልህ ንጹሕ ሆኜ አይደለም፤ እኔም ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አውቃለሁ።

አንተ ግን ገና ሳምንት አለህ፤ ጭቃህ አልተተኮሰም። ዛሬ ቤትህ ስትገባ ያሰርኸውን ውርርድ ፍታ። ከዚያ በር ዘግተህ፣ አውራ ጣትህን ወደ ብርሃን አድርገህ ደኅና አድርገህ እየው።

የራስህ መሆኑን ሳታረጋግጥ እንዳትወጣ።