ላሚቱን ሰጥቶ ጥጃዋን ያስቀረ ሰው

አንድ ከብት የሞላለት ሰው ነበረ። ቆይ ይርሳው፣ አታቋርጠኝ! ‹የኔታ፣ እኔ የእርዳታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኜ ጦርነት ላፈናቀላቸው ሰዎች ስንዴ አደልኩ፤ እነሱ ግን ያማርራሉ እንጂ አያመሰግኑም፤ ለምንድን ነው?› ብለህ የጠየቅኸኝ አንተው ነህ። እንግዲያው ቁጭ በልና ስማ።

ከሰውየው አገር ማዶ ጦርነት ተነሣ። ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ሸሸና መጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰፈረ። ከመካከላቸው አንዲት እመጫት ነበረች። መንገዱና ረኃቡ ጡቷን አድርቆባት የልጇ ለቅሶ እየሰለለ ሄዷል። ሀብታሙ ይህን ሰማና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አንዲት የምትታለብ ላም እየሳበ መጣ። ‹ለእመጫቷ ትሁን› አለ። ሴቱ እልል አለ፤ ሽማግሌው መረቀው። ጥጃዋን ግን፣ ‹ዘሯ ጥሩ ነው፤ ነገ ጊደር ትሆነኛለች› ብሎ በረት ውስጥ አስቀርቷት ነበር።

አንተም የገበሬ ልጅ ነህ። የኛ አገር ላም ጥጃዋ ካልጠባቻት ወተቷን እንደማትለቅ አጥተኸው አይደለም። እመጫቷ የላሚቱን ጡት አሸች፣ አባበለች፣ ለመነች። ላሚቱ እንቢ አለች። ጥጃዬን እያለች ስትጮኽ ዋለች።

እመጫቷ ልጇን አዝላ ሰውየው ደጅ ሄደች። ‹ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥጃዋን ይስጡኝ አልልም፤ ጠዋትና ማታ ብቻ ያውሱኝ፣ አስጠብቼ እመልሳለሁ› አለችው።

‹የሰው ነገር! ላም ቢሰጧት ጥጃ አማራት! አይ ጥጋብ!› አላት።

ሰማህ? እህል በአፏ ያልዞረላትን ሴት ጥጋበኛ አላት! ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሴትየዋ ሌላ ምን ታድርግ? በማግስቱ ላሚቱን እየነዳች ወደ ሰውየው በረት አመጣቻት። ላሚቱ ገና የጥጃዋን ድምፅ ስትሰማ ወተቷ ይንጠባጠብ ጀመር። እመጫቷ ጣሳዋን ይዛ ልትንበረከክ ስትል ሰውየው ገመዱን ከእጇ ነጠቀ፣ ላሚቱን ወደ ውስጥ አስገባና በሩን ዘጋባት። ያን ቀን ወተቱ እሱ ጓዳ ገባ። ሕፃኑ በዚያው ሳምንት ተቀበረ። ሰውየው አያፍርም፣ ቀብር ላይ ቆሞ፣ ‹ላም ሰጥቻት ነበር እኮ፤ መልሳ አመጣችልኝ፤ ምን ላድርጋት?› እያለ ለለቀስተኛው ያወራ ነበር።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ስንዴ ማደልህን ማንም አልካደህም። ግን ሴቶቹ ማገዶ ሊለቅሙ ሲወጡ ከጫካው በዱላ የሚያባርር ዘበኛ ያቆመው ማን ነው? አንተ አይደለህም? ጥሬውን ስንዴ በምን ያብስሉት? በፀሐይ? ስንዴው ላሚቱ ናት፤ ማገዶው ጥጃዋ ናት፤ ሰውየው ደግሞ አንተ ነህ! ልዩነታችሁ አንድ ብቻ ነው፤ አንተ የምታስርባቸው ልጆች ገና አልሞቱም። ተነሥና ዘበኛህን አንሳ። ተነሥ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ!