የባዶው በርሜል ባለዕዳ

በአንድ ወቅት፣ ወንዟ ጠዋት አረንጓዴ ማታ ወይን ጠጅ እየመሰለ በሚፈስባት፣ ከቆዳ ፋብሪካ ግርጌ በተቆረቆረች ከተማ፣ እታፈራሁ የምትባል ባልቴት ይርዳው ከተባለ አንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ይርዳው የእድሩን ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር የሚጠብቅ፣ ለቅሶ በተነገረ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ውሃ የሚሞላ፣ እጁ ከሥራ ምላሱ ከጨዋታ የማይሰንፍ ጎልማሳ ነበር። ጧሪ ቀባሪ የሚሉት ቃል ለሌላው ሰው ምርቃት ነው፤ ለእሷ ግን ስም ነበረው፤ ይርዳው ይባል ነበር።

በዚያችው ከተማ ከአንድ አባት የተወለዱ ሦስት ወንድማማቾች የፋብሪካውን ቆሻሻ ሊያስወግዱ ውል ገቡ። ቆዳው ጠጉሩን የሚጥልበት ዝቃጭ ብርቱ መርዝ ነውና በጥሬው አይደፋም። ታላቁ ቢያድግልኝ አጓጓዥ ነበረ፤ ጋሪው በጎርበጥባጣ መንገድ ላይ እንኳ ጠብታ አታፈስም። መካከለኛው ጠጋዬ አካሚ ነበረ፤ በገንዳው ያለው መርዝ መብረዱንና አለመብረዱን በጠረኑ ብቻ ይለያል። ታናሹ አንዷለም ቀባሪ ነበረ፤ ጉድጓዱን በሸክላ አፈር ለስኖ፣ ደፍኖ፣ ሣር ያበቅልበታል።

ውሉ በሽማግሎች ፊት ተነበበ። ቢያድግልኝ ሙሉውን በርሜል ከፋብሪካው በር ተረክቦ ለጠጋዬ እስኪያስረክብ ይጠየቅበታል። ጠጋዬ የሚፈሰውን ሁሉ አክሞ፣ የተረፈውን ደረቅ ለአንዷለም እስኪያስረክብ ይጠየቅበታል። አንዷለም የተረከበውን ደረቅ ቆሻሻ ሁሉ ይቀብራል፤ ከቀበረም በኋላ ዕድሜ ልኩን ይጠየቅበታል። ሙሉው በርሜል ባለቤት አገኘ፤ የሚፈሰውም፣ ደረቁም አገኘ። ስለ ባዶው በርሜል ግን የተናገረ አልነበረም። ባዶውን ቢያድግልኝ በልማድ ወደ ፋብሪካው ይመልሰው ነበር፤ ልማድ ደግሞ ፊርማ የለውም።

አንድ ቀን የፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አንዱን በርሜል መለሰበት። «ከንፈሩ ተጣሟል፤ ክዳን አይዝም። አልቀበልም» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ወንዝ ዳር ጥሎት በሄደ ነበር። ቢያድግልኝ ግን ወደ መካከለኛው ወንድሙ ወሰደው።

«የሚፈስ ነገር አለበት?» አለ ጠጋዬ።

«የለበትም።»

«እንግዲያ የእኔ አይደለም፤ ደረቅ ነው። ለአንዷለም ስጠው፤ ዛሬውኑ ይቀበር በለው።»

በበርሜሉ ውስጠኛ ገላ ላይ እንደ ቅርፊት የጋገረ ዝቃጭ ነበረ። ጠጋዬ አየው። አይቶም በሩን ዘጋ።

ቢያድግልኝ ከቆሻሻው መቅበሪያ ጉድጓድ ሲደርስ አንዷለም ለቅሶ ሄዷል። በርሜሉን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጦ ጋሪውን አዞረ።

አንዷለም ሲመለስ ልቡ ከለቅሶው ቤት አልተመለሰም ነበር፤ በዚያ ውሃ አልቆ ሽማግሌዎች ከንፈራቸው ደርቆ አይቷል። በርሜሉን በጣቱ ቢመታው እንደ ደወል ጮኸለት። ይርዳውን አስጠራው።

«ይኼ ቢቀበር ግፍ አይደለም?»

«እድራችን ሰው ሲቀብር እንጂ በርሜል ሲቀብር አላየሁም» አለ ይርዳው እየሳቀ። «ወዲህ በለው።»

«ይሸታል እኮ።»

«አንተን የቻለ አፍንጫ ይህ ያቅተዋል?»

«በል፣ በደንብ እጠበው።»

ይርዳው በርሜሉን እያንከባለለ ወደ እናቱ ግቢ አስገባው። እታፈራሁ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ «እንዲህ የሚሸት ውሃ ለለቀስተኛ ልታጠጣ ነው?» አለችው። «በሎሚ አሸዋለሁ፣ እማዬ። ሎሚ የማያስለቅቀው ሽታ የት አለ?» አላት። ሎሚውን የቆረጠችለት እሷ ናት። እየጨመቀች በጣሳ ታቀብለዋለች፤ እሱ በርሜሉን በጎኑ አጋድሞ፣ እስከ ወገቡ ገብቶ እያዜመ ያሸዋል። የጋገረው ዝቃጭ የሎሚውን ጭማቂ ሲጠጣ የተዳፈነ እስትንፋሱን ለቀቀ፤ የሚገድል እስትንፋስ። እንደ ተበላሸ እንቁላል ሸተታት። ወዲያው ልጇ ማዜሙን አቆመ።

«ልጨምርልህ?» አለችው።

አልመለሰላትም። ሌላ ሎሚ ቆረጠች። «ይርዳው፣ ልጨምርልህ እንዴ?»

በጩኸቷ ከደረሱት ሁሉ ወደ በርሜሉ የቀረበው ጠጋዬ ብቻ ነው፤ ጠረኑን ያውቀዋልና። ሌላውን ሰው እየገፋ መለሰ፤ ትንፋሹን ይዞ ገብቶ ይርዳውን በእግሩ ጎትቶ አወጣው። ይርዳው ግን ሞቶ ነበር። ጠጋዬንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳል አልለቀቀውም።

እታፈራሁ አላለቀሰችም። ሙሾ አውራጇ ስሙን እየጠራች ስታስለቅስ፣ እሷ ቢላዋው አለመታጠቡን ታስብ ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ ከሩቅ፣ ከውሃ ማዶ የሚናገር ይመስላት ነበር። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሏታል። ምኑ እንደሚወጣ አልገባትም።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዘርጋው ሽማግሎቹን በእድሩ ድንኳን ሰብስበው ፈረዱ።

«ሊገድል ያሰበ የለም፤ ጧሪዋ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ባለዕዳ ሆኖ የተገኘው የእታፈራሁ የጡት ልጅ ይሁን። አውራ ጣቷን ማር ታስነካ፤ እሱም ይጥባ። እስክትሞት ይጡራት፤ ስትሞት ይቅበራት፤ ቤቷንና መሬቷንም ይውረስ።»

«ጋሽ ዘርጋው፣ ይህ ቅጣት ነው ወይስ ሽልማት?» አለ ከሽማግሎቹ አንዱ።

«ልጅነት መቼ ሁለቱ ተለይተውበት ያውቃል?»

«ፋብሪካውስ?» አለ ሌላው።

«ፋብሪካ ጣት አይጠባም።»

የሳቀ ነበር፤ ሳቁን ቶሎ ዋጠው። ያን ጊዜ እታፈራሁ ከለቅሶው ወዲህ በአደባባይ የመጀመሪያ የሆነውን ቃል ተናገረች፦ «ሎሚውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ሎሚ ውል አልፈረመም፣ እሜቴ» አሉ ጋሽ ዘርጋው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ወደ ወንድማማቾቹም ዞሩ።

ቢያድግልኝ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ውሉ ሙሉ በርሜል ይላል። እኔ ባዶ በርሜል ወንዝ ዳር ያልጣልኩት ደግ ስለሆንኩ ነው እንጂ ውል አስገድዶኝ አይደለም። ዕዳ የለብኝም» አለ። ይህን ያለው ሰው ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የእታፈራሁን ውሃ በጋሪው የሚያደርስላት ነው። ለምን እንደሚያደርገው ስትጠይቀው «መንገዴ ነው» ብሏታል። መንገዱ አልነበረም።

ጠጋዬ እያሳለ ተነሣ። «የጋገረውን በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ሊያደርግ እንደሚችልም ከሁላችሁ በላይ አውቃለሁ። ግን ይቀበር ብያለሁ።» ወደ ታላቁ ዞረ። «አልኩህ ወይስ አላልኩህም?»

«አልከኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

«ጉድጓድ አፍ ላይ ያስቀመጥኩትን ምን ያደርገዋል ብዬ ልንገረው? ይተክለዋል?»

አሁን ባዶ በርሜል ሁሉ ከጠጋዬ ግቢ የሚወጣው ታክሞና ታጥቦ ነው። ወደ እታፈራሁ ቤት ግን ልጇን ጎትቶ ካወጣበት ቀን ወዲህ አልረገጠም፤ ዛሬም ሲናገር ዓይኑ ምሰሶው ላይ እንጂ እሷ ላይ አልነበረም።

አንዷለም ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ቀርቦ በጉልበቱ ወደቀ። «የእኔ ነው። ልቀብር የተዋዋልኩትን ለገስኩ። እጠበው ያልኩትም እኔ ነኝ። ማንንም አትጠይቁ።» የይርዳውን መቃብር ማንንም ሳያስነካ የቆፈረው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየመጣ እደጇ ላይ ያለቅሳል፤ እሷም እንባው እስኪደርቅ ትከሻውን ስትደባብስ ትውላለች። እሷ ሳታጽናናው የሄደበት ቀን የለም።

ሽማግሎቹ ተማከሩ፤ ተከራከሩ። አንዱ «ሊነገር የሚገባውን ቃል ያስቀረው ነው» አለ። አንዱ «አውቆ በሩን የዘጋው ነው» አለ። ሌላው «የገባውን ውል በደግነት ያፈረሰው ነው፤ ደግነትም ቢሆን ማፍረስ ማፍረስ ነው» አለ። በመጨረሻ ጋሽ ዘርጋው እጃቸውን ዘረጉ። «ጣቱ የእሷ ነው። የሚበጀውን እሷ ታውቃለች» አሉ።

ማሩ በሸክላ ጽዋ ቀረበ። እታፈራሁ አውራ ጣቷን ነከረች፤ ቀና አድርጋም የሌላ ሰው ጣት ይመስል ተመለከተችው። ሦስቱ ወንድማማቾች እንደ ልደታቸው ቅደም ተከተል ተንበርክከው ነበር። አንደኛው ዕዳ የለብኝም እያለ ዕዳውን የሚከፍል ነው። ሁለተኛው ከሁሉ ያወቀ፣ ዘግቶም የዳነ፣ ገብቶም የታመመ ነው። ሦስተኛው ጥፋቱን ሁሉ የወሰደ፣ ሐዘኑን ግን እሷ የምትሸከምለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ነገ ጠዋት «እማዬ» ብሎ ይጠራታል፤ አንድ ቀንም ዓይኗን ይከድናል። የበደላትን ልጅ ታድርገው? ወይስ ልጅ ሊሆናት የሚችለውን በዳይ ትበለው? ማሩ ከጣቷ ወደ አንጓዋ መውረድ ጀመረ። ሙቀቱም ቅዝቃዜውም አልተሰማትም።

እናንተ ፍርድ አዋቂዎች፣ ማሩ መሬት ሳይነካ ንገሯት፤ ጣቷ ለማን ይገባል?