እንዝራ ያወጣው አባትና እልል ያለችው እናት

አንዲት እናት ነበረች። ሰው በልጁ ደስ ሲለው ደስታውን የት ነው የሚያስቀምጠው? ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ ኖራለች፤ መልሱን ግን ዛሬም አላገኘችውም።

ልጇ ሶስና ትባላለች። ስምንት ዓመቷ ነው። በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን በገና ለመማር ተመዘገበችና በገና አዋሷት። እናትየው በገናን የምታውቀው በጾም ወራት በሬዲዮ ነው፤ እንዲህ ትልቅ ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር። ሶስና ታቅፋው ስትመጣ ከሩቅ ላየው ሰው በገናው ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ጎረቤታቸው እትዬ ዘነቡ በአጥር ብቅ ብለው፣ «ኧረ ነይ እዪ፣ በገናው ልጅሽን ይዟት መጣ!» ብለው ስቀዋል።

ደግሞ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ስለ ሞትና ስለ ነፍስ የሚናገረውን መዝሙር አንስታ «ነፍሴ ሆይ» ስትል ፉጨት ይቀላቀልበታል። እናትየው ከጓዳ ሆና ይህን ስትሰማ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ ይመጣባታል። እሷ ራሷ ፊደል የቆጠረችው ከወለደች በኋላ ነው። ንባቧ እንደ ዳገት ነው፤ እያረፈች ነው የምትወጣው። እና ከእሷ የወጣች ልጅ ያን የሚያህል በገና ይዛ ስትደረድር ስታይ፣ ለማን ልንገር፣ ለማን ላሳይ ያሰኛታል። ዓይን እንዳይገባባትም ትፈራለች። ሰው ሲያደንቅላት ቱፍ ቱፍ ትላለች፤ ሰው ሳያደንቅ ሲቀር ደግሞ ሌሊቱ አይነጋላትም።

አንድ ቀን የጽዋው ማኅበር ተራ እሷ ቤት ደረሰ። ማኅበርተኞቹ በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ሶስናን ጠራቻት።

«በገናሽን አምጪና አሰሚን።»

«እማ፣ ገና አልቻልኩትም እኮ።»

«አንቺ ደግሞ! ትናንት ስትችዪው ሰምቼሻለሁ።»

«ትናንት ማንም አልነበረም።»

እናትየው ይህን ቃል ልብ አላለችውም። ልጅቷ ተቀመጠች፣ በገናውን አቀፈች፣ ጀመረች። እትዬ ዘነቡ እንኳ፣ አፋቸው የማያርፈው ሴትዮ፣ አንገታቸውን ደፉ። መዝሙሩ ገና እኩሌታው ላይ ሲደርስ የእናትየው ልብ ሞላ፤ መያዝ አቃታትና እልልታውን አቀለጠችው። ሴቶቹም ተከተሏት።

በበገና እልል አይባልም። በገና ሲደረደር ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ስለ ራሱ እያሰበ ነው የሚሰማው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ግን አፏ ቀደማት። የሶስና ጣቶች ቆሙ። የት እንደደረሰች ጠፋት። ፊቷን በበገናው ጀርባ ሸሸገች። እትዬ ዘነቡ፣ «ኧረ ሰርግ አደረግሽው!» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ ሶስና ብቻ አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ እናቷ ባለችበት በገና መንካት ተወች። «ደርድሪ እስቲ» ስትባል፣ «ጣቴን አሞኛል» ትላለች። አንድ ቀን እናትየው ከገበያ ስትመለስ ከደጅ ሆና ሰማች፤ ያ የንብ ቀፎ የመሰለ ድምፅ ከውስጥ ይወጣል። ደስ ብሏት በሩን ስትከፍተው ጸጥ አለ። ሶስና በገናውን ግድግዳ አስደግፋ ቆማለች።

«እሁድ ልመልስላቸው ነው» አለች።

«ለምን የኔ እመቤት?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ» የሚለው ቃል እናትየውን ከስድብ በላይ ጎዳት። ነጠላዋን አጣፍታ በገና ወደሚያስተምሩት የኔታ ሄደች። ሽማግሌው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አውታር ሲወጥሩ አገኘቻቸው።

«የኔታ፣ ልጄ በገናውን ልትመልስ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው መሰለኝ። ሰው ፊት እልል አልኩባት። ግን የኔታ፣ ደስ ሲለኝ ምን ላድርግ? ዋጥ አድርጌው ልታነቅ?»

የኔታ ሳቅ አሉ። «ቁጭ በይ ልጄ። መታነቁ ይቆይሽ፤ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉና እንዲህ አሏት።

«አንድ ሰው ነበረ። ባለጸጋ ነው። አንድ ልጅ አለው፤ ልጁ በገና ይማራል። አባትየው ከልጁ ሌላ ወሬ አልነበረውም። በሬ ሊገዛ የመጣውን፣ ለሽምግልና የመጣውን፣ መንገድ የጠፋበትን እንኳ ሳይቀር፣ ግቡና ልጄን ስሙልኝ ይላል። በገናው ግን ይነዝራል። ታውቂዋለሽ፣ በገና እንደ ክራር ጥርት አይልም፤ ተፈጥሮው ነው። አንድ ቀን ነገሩን የማያውቁ እንግዶች፣ ይህ ዕቃ የተሰነጠቀ ነው እንዴ? አሉት። ያ ሰው አፈረ።

«ልጁ በሌለበት በገናውን አንስቶ አገላብጦ አየው። አውታሮቹ በሚያርፉባት እንጨት ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር ትንሽ የቁርበት ቁራጭ ተወሽቃለች። አሃ! አለ፤ ለካ ቆሻሻ ገብቶበት ነው የሚንጣጣው! የሠራው ሰውዬ ስንጥቁን በቁርበት ወትፎ ነው የሸጠልን አለ። ወስፌ አመጣና እየፈለቀቀ ሁሉንም አውጥቶ ከጓሮ ወረወራቸው።»

«ውይ!» አለች እናትየው። «እንዝራውን? ሶስና በጭራሽ እንዳትነኪ ያለችኝን?»

«እንዝራውን። እሷ ነች አውታሩን የምታናግረው። እንግዲህ ሰው በተሰበሰበበት ልጁ በገናውን አቅፎ መታው። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ዱም ብሎ ቀረ። ደግሞ መታው፣ ዱም። ልጁ አጎንብሶ አየና፣ አባባ፣ ድምፁን ማን አወጣው? አለ። አባትየው፣ ድምፁን አይደለም ልጄ፣ ቆሻሻውን ነው ያወጣሁልህ፣ ሰው እንዳይስቅብህ ብዬ አለው።

«ልጁ አልተቆጣም። ከአሮጌ ጫማ ቆዳ ቆራርጦ ቁጭ አለ። እንዝራ ደግሞ እንዲሁ ሸጉጠውት የሚነሱ ነገር አይደለም። ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ እየገፉ፣ ጆሮ እየሰጡ፣ አውታሩ ነፍስ የሚዘራበትን ቦታ ይፈልጉለታል። አባትየው ከአጠገቡ ቆሞ፣ ልርዳህ፣ እሷን ሳብ አድርጋት፣ ጎሽ የኔ አንበሳ፣ ይላል። ልጁ ቀና ብሎ፣ አባባ፣ ቦታው የሚገኘው በጆሮ ነው፤ አንተ ስታወራ አይሰማኝም አለው።

«ያ ሰው ወጣ። እንግዶቹንም ይዞ ወጣ። እንግዶቹን ሸኝቶ ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ቆይቶ አንደኛው አውታር ነዘረ። ደግሞ ዝም። ደግሞ ሁለተኛው። ልጄን ስሙልኝ እያለ አገር ሲያሰማ የኖረ ሰው፣ ልጁን ራሱ የሰማው ያን ቀን ነው።»

የኔታ የያዙትን አውታር መሬት አስቀመጡና ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺም ልጄ፣ እንደዚያ ሰው ነሽ። በአውታሩና በእንጨቱ መካከል እንዝራ ከሌለች በገና ዲዳ ነው። በልጅሽና በበገናው መካከልም እንዲሁ አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ማንም ሳያያት የምትሳሳትባት፣ ለራሷ ብቻ የምትደረድርባት ጊዜ ናት። ከውጭ ሲያዩዋት ምንም አትመስልም፤ ማንም ሊጠርጋት ይችላል። አንቺ ማኅበርተኛ ስትጠሪባት፣ እልል ስትዪባት እሷን በወስፌ ፈልቅቀሽ አወጣሽባት። በክፋት አይደለም፤ ያም ሰው ክፉ አልነበረም። ቦታዋን ግን አንቺ አትፈልጊላትም፤ ልጅሽ ራሷ ናት የምትፈልገው። አንቺ ደጅ ውጪላት። ደስታሽንም ይዘሽው ውጪ።»

«ደጅ ሆኜ መስማት እችላለሁ?»

«ጆሮሽን ማን ቆረጠው?» አሏት።

እናትየው ቤቷ ገባችና ሳፋዋን አነሳች። «ሶስና፣ እኔ ደጅ ልብስ ላጥብ ነው። በገናውን መመለሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ከእንግዲህ ሰው አልጠራብሽም።»

«እትዬ ዘነቡንም?»

«እሳቸውንም።»

«እልልም አትዪም?»

«አፌን በሳሙና እሞላዋለሁ።»

ልጅቷ በወለቀው ጥርሷ ሳቀች። በዚያ ቀን ግን ምንም አልደረደረችም። በማግስቱም አልደረደረችም። እናትየው ጭንቀቷ ሌላ ነው፤ ልብሱ አለቀባት፤ የታጠበውን መልሳ ነከረችው። እትዬ ዘነቡ በአጥር አይተው፣ «ምነው፣ ቤትሽ ያሉት ሁሉ ከሰል ነጋዴ ሆኑ እንዴ?» አሉ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘቻቸው። ምክንያቱም ያን ጊዜ ከውስጥ አንድ አውታር ነዝሯል።

እሁድ አለፈ፤ በገናው አልተመለሰም። ሶስና አሁን በየቀኑ ትደረድራለች። ትሳሳታለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ እዚያው ቦታ ላይ ደግማ ትሳሳታለች። «ነፍሴ ሆይ» ስትል አሁንም ታፏጫለች። እናትየው እጇ አረፋ ውስጥ ሆኖ ትሰማለች፤ ልቧ ሲሞላ ያገኘችውን ልብስ ጥምዝዝ አድርጋ ትጨምቃለች። ጥሩ ይሁን መጥፎ አታውቅም። ጆሮዋ ግን ደስ ብሎታል፤ ሰው ሳትጨምርበት ብቻዋን ደስ ብሏታል።

ትናንት ታዲያ መዝሙሩ እኩሌታው ላይ ቆመ።

«እማ?» አለች ልጅቷ ከውስጥ። «አለሽ?»

እናትየው ደነገጠች። አለሁ ብትል ስትሰማት መክረሟ ሊታወቅባት ነው፤ ልጅቷም ተመልሳ ትዘጋባት ይሆናል። ዝም ብትል ደግሞ፣ ልጅ እናቷን የጠራችው ስሚኝ ብላ ቢሆንስ? የኔታ ስለዚህ ምንም አልነገሯትም። ቢጨንቃት ሳል አለች፤ አለሁም የለሁምም የማይል ሳል። በገናው ካቆመበት ቀጠለ።

ያ ሰው ደጃፉ ላይ ሲቀመጥ ልጁ መልሶ ጠርቶት ይሆን? ቢጠራው ገባ ወይስ እዚያው ቆየ? እናንተ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ይህች እናት ነገም «አለሽ?» ብትባል ምን ብትል ይሻላታል? እባካችሁ ምከሯት፤ ሁልጊዜ ማሳል አይቻልም።