ኪሳራ ያለው ማን ነው?

አንድ ነጋዴ ነበር፤ አዳማ ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ። ስሙን ዳምጠው እንበለው። ዳምጠው ጌታን ይወዳል፣ ልጁን ይወዳል፣ አንዲት ቃል ደግሞ አጥብቆ ይፈራል። ቃሏ «ኪሳራ» ናት። ዝናብ ዘንቦ ገበያው ሲቀዘቅዝ «ኪሳራ!» ይላል። መብራት ሲጠፋ «ኪሳራ!» ይላል። ወጥ ውስጥ ጨው ቢበዛ እንኳ «ኪሳራ!» ነው የሚለው። ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ፣ ሳቁ፤ ቆይ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

ይህ ሰው ሰሎሜ የምትባል ልጅ አለችው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ሰው ሁሉ በግምት ያወራል፤ እሷ ግን ሄዳ ሠራተኞቹን ጠይቃ ትመጣለች። ጎረቤቱ «ሰሎሜ ምን አለች?» ሳይል ወሬ አያምንም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ መጣ፤ አለፈች! ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

«አባዬ፣ ጋዜጠኝነት ነው የማጠናው» አለች።

እልልታው ቀጥ አለ።

«ምን አልሽ?»

«ጋዜጠኝነት!»

«አካውንቲንግ ምን አደረገሽ ልጄ?»

ዳምጠው ክፉ አባት እንዳይመስላችሁ። ልትገባበት ያሰበችው የግል ኮሌጅ ክፍያ ቀላል አይደለም። ሱቅ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ «ጋዜጠኛ ስንት ያገኛል?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። አንዱ «ኧረ ተው ጋሼ! የአክስቴ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ አሁን ሆቴል እንግዳ ይቀበላል» አለው። ከዚያ ወዲያ ሐሳብ ያዘው። ልጄ ያን ሁሉ ዓመት ለፍታ ዲግሪዋን ይዛ እቤት ብትቀመጥስ? ያ ሳቋ ቢጠፋስ? የሚያስፈራው ይሄ ነበር። ምዝገባው ደግሞ በሚመጣው ሳምንት ሊዘጋ ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የዕለቱ ሰባኪ ስለዚያ ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው አነበበ። ሰውዬው ሥራውን ሳይጀምር ቁጭ ብሎ ምኑን እንደሚቆጥር ታውቃላችሁ፤ ኪሳራውን! ዳምጠው ያቺን ቃል ሲሰማ ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ሚስቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«ሰማሽ? ጋዜጠኝነቱን ጌታ ራሱ ኪሳራ አለው!»

ከዚያ ወዲያ ስብከቱን ማን ይስማ? «አሜን! አሜን!» ሲል ዘማሪዎቹ እንኳ ዞረው አዩት። ደጅ ሲወጡ ልጁን ጠራት።

«በቃ ሰሎሜ፣ መልሱ ከላይ መጥቷል። ኪሳራ ነው።»

የልጅቷ ዓይን ዕንባ ሞላ። ግን የሰሎሜ ነገር! ሳታጣራ ታምናለች እንዴ? ዕንባዋን ጠርጋ ወደ ጋሽ ኤርሚያስ ሄደች፤ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያስተምሩ የኖሩ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። ዳምጠው ከሩቅ ያያል። ሽማግሌው ሲስቁ አየ፤ ልጁም ሮጣ መጣች።

«አባዬ፣ እርማት አለኝ!»

«የምን እርማት?»

«እዚያ ላይ ኪሳራ ማለት ወጪ ነው! ሰውዬው የሚቆጥረው ግንቡን ለመጨረስ የሚያስፈልገውን ነው። ሊጨርስ ነው የሚቆጥረው፤ ሊተው አይደለም። ካላመንከኝ ጠይቃቸው፤ ያው ቆመዋል።»

ዳምጠው ወደ ሽማግሌው ዞረ። አዎ፣ ልክ ናት በሚል ራሳቸውን ነቀነቁለት። መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ ሳቁ መጣበት።

«ወይ ጉዴ! ጌታን በራሴ ሱቅ ቋንቋ ሳናግረው ኖሬያለሁ። በይ ቁጭ በይ፤ እንቁጠረው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሰሎሜ ለካ ይህንንም አጣርታለች። የከተማው ራዲዮ ጣቢያ ሄዳ አንዲት ጋዜጠኛ አነጋግራለች።

«አልዋሽህም አባዬ፤ ሲጀመር ደሞዙ ትንሽ ነው። አካውንታንት ይበልጠኛል። እየቆየ ያድጋል እንጂ ሀብታም አያደርግም አለችኝ።»

«ታዲያ እሷ ምን አስቀመጣት?»

«ጠየቅኳት። "ጠዋት ስነሣ እግሬ ቀድሞኝ ይሄዳል" አለችኝ። እኔ ማታ እማራለሁ፤ የማታው ክፍያ ይቀንሳል። ቀን ሱቅህን እይዝልሃለሁ። ገንዘቡ እስከ መጨረሻው ያደርሰናል አባዬ፤ ቆጥሬዋለሁ።»

ዳምጠው በንግድ ዘመኑ ሁሉ የዕቃውን ጉድለት ራሱ ቀድሞ የነገረው ሻጭ አላጋጠመውም። ከደረጃው ብድግ አለ።

«ተነሺ!» አላት።

«ወዴት?»

«ልንመዘገብ ነዋ!»

«አባዬ፣ ዛሬ እሑድ ነው፤ ዝግ ነው።»

«ኪሳራ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? እናንተስ በየትኛዋ ቃል ፈርታችሁ ቀራችሁ? አባቶች፣ እናቶች፣ ልጃችሁ «ይህን ልማር» ስትላችሁ አብራችኋት ቁጭ ብላችሁ ቆጠራችሁ? ወይስ «አይሆንም» ካላችሁ በኋላ ጥቅስ ፈለጋችሁለት? ወጣቶች፣ እናንተስ ወጪውን ታውቁታላችሁ? ሰሎሜ የደሞዙን ትንሽነት አልደበቀችም። እናንተ ለቤተሰባችሁ ግማሹን ብቻ ነግራችሁ ግማሹን ደብቃችሁ ይሆን?

ጌታን መከተልስ ወጪ የለውም ያላችሁ ማን ነው? አለው! ቁጠሩት። ሳትፈሩ ቁጠሩት። ግን እንድትጨርሱት ነው ቁጠሩ የተባላችሁት፤ ይህን አደራ አትርሱ። ከመካከላችሁ ስንቱ ነው ዕድሜውን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲቆጥር፣ አንድ ድንጋይ ሳያነሣ የመሸበት? ስንቱ ነው ፍርሃቱን ከእግዚአብሔር የመጣ መልስ አድርጎ «አሜን» ያለበት?

ተነሡ! ቆጥራችሁ ስታበቁ ተነሡ! ዛሬ በሩ ዝግ ቢሆን ነገ ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት ዳምጠውና ሰሎሜ በሩ ሳይከፈት ደርሰው ቆመዋል። እናንተስ የት ናችሁ?