የሦስተኛው ፎቅ አምፖል

ኮንዶሚኒየም የኖረ ያምነኛል፤ ያልኖረ ይሳቅብኝ።

በእኛ ብሎክ ከስብሰባ የቀረ ሰው ኮሚቴ ሆኖ ይመረጣል። አቶ ጥላዬም ሊቀመንበር የሆኑት ለቅሶ ሄደው በቀሩበት ቀን ነው። "ሰው ልቀብር ሄጄ እኔው ተቀበርኩ" ይላሉ በራሳቸው ሲቀልዱ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት አሮጊቷ እትዬ እማዋይሽ አምፖል ይዘው የአቶ ጥላዬን በር አንኳኩ።

"ጥላዬ ልጄ፣ የሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ጨልሟል። ግራውንድ ያለችው ዘምዘም ታማ ተኝታለች፤ እኔ ካላጎረስኳት እህል አትቀምስም። ይቺን አምፖል ስቀልልኝ።"

"ምን ችግር አለ፣ እትዬ" አሉና ጣሪያው ሩቅ ስለሆነ ወደ ዘበኛው ወረዱ። "መሰላሉን አውጣልኝ።"

"ቁልፉ ንብረት ክፍሉ ጋ ነው፣ ጋሼ። ያለ ቁልፍ አላወጣም።"

ንብረት ክፍሉን፣ "ቁልፉን ስጠኝ፤ ዘበኛው መሰላል አላወጣም አለ፣ ያለ መሰላል አምፖል አይሰቀልም፣ ያለ አምፖል እትዬ እማዋይሽ አይወርዱም" አሉት።

"ጸሐፊዋ ሳትፈቅድ አልሰጥም" አለ።

ጸሐፊዋን፣ "ፍቀጂ እህቴ፤ ንብረት ክፍሉ ቁልፍ አልሰጥም አለ፣ ዘበኛው መሰላል አላወጣም አለ፣ ያለ መሰላል አምፖል አይሰቀልም፣ ያለ አምፖል እትዬ እማዋይሽ አይወርዱም" አሏት።

"ነዋሪው ተሰብስቦ ሳይወስን አልፈቅድም። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት እኮ።"

እውነቷን ነው። ደንቡ የጸደቀ ቀን ለነዋሪው ሲያነቡ ድምፃቸውን ጎርነን አድርገው ነበር፤ ትዝ ሲላቸው አፈሩ።

በየበሩ ዞረው፣ "ኑ እንሰብሰብ፤ ጸሐፊዋ አልፈቅድም አለች፣ ንብረት ክፍሉ ቁልፍ አልሰጥም አለ፣ ዘበኛው መሰላል አላወጣም አለ፣ ያለ መሰላል አምፖል አይሰቀልም፣ ያለ አምፖል እትዬ እማዋይሽ አይወርዱም" አሉ።

"በዚህ ጨለማ ማን ደረጃ ይወርዳል? አምፖሉ ሲበራ እንመጣለን" አለ ነዋሪው።

ሊቀመንበሩ ደረጃው ላይ ቆመው በራሳቸው ሳቁ። ወዲያው ከታች የዘምዘም ደካማ ድምፅ ተሰማ፦ "እማዋይሽ፣ ዛሬ ቀረሽ እንዴ?"

"መጣሁ" አሉ እትዬ ከላይ፤ ግድግዳውን እየዳበሱ መውረድ ጀምረው ነበር።

አቶ ጥላዬ ደነገጡ። ሊደግፏቸው ሲሮጡ ደረጃ ሳቱና በጉልበታቸው ተፈጠፈጡ።

ጩኸታቸውን ሰምቶ ነዋሪው ስልኩን እያበራ ወጣ፤ ደረጃው ሞላ። ነዋሪው እዚያው ቆሞ ወሰነ፣ ነዋሪው ሲወስን ጸሐፊዋ ፈቀደች፣ ጸሐፊዋ ስትፈቅድ ንብረት ክፍሉ ቁልፉን ሰጠ፣ ቁልፉ ሲመጣ ዘበኛው መሰላሉን አወጣ፣ በመሰላሉ አምፖሉ ተሰቀለ፣ አምፖሉ ሲበራ እትዬ እማዋይሽ ወረዱ፣ ዘምዘምም እህል ቀመሰች።

በማግስቱ ነዋሪው በበራው ደረጃ ወርዶ አዲስ ሊቀመንበር ሊመርጥ ተሰበሰበ። አቶ ጥላዬ ጉልበታቸውን በፋሻ ጠቅልለው ተኝተው ስለነበር ቀሩ።

ተመረጡ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አምፖሉን ግን እዚያው ተዉት።