የግራዝማች ጭድ

አንድ ምላሰኛ ገበሬ ነበር። የግራዝማች አጥናፍሰገድን መሬት በገዛ በሬዎቹ እያረሰ ከጤፉ እኩሌታውን ይሰፍርላቸዋል። ጭዱን ግን ግራዝማች ዞር ብለውም አያዩት፤ እብቁ ዓይን ያቃጥላል፣ ሸክሙ አንገት ይሰብራል፣ ማን ይሰበስበዋል?

ዘንድሮ ግን ከተሜው ለቤት ምርጊት ጭድ እየተሻማ እንደሚገዛ ሰሙ። ገበሬው ሰብስቦና ከምሮ ላቡን ሲጠርግ፣ ሽማግሌዎች አስከትለው በበቅሎ ከች አሉ።

«ይህን ጭድ ያበቀለው የማን መሬት ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሰማችሁ? በገዛ አፉ መሰከረ!» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። ሽማግሌዎቹም «እውነት ነው፣ የእርስዎ ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በል ሳይመሽ ደጄ አራግፍ፤ አንዲት እፍኝ እንዳታስቀር!»

ገበሬው ክምሩን አየ፤ በጋውን በዚያ ክምር የሚያልፉትን ሁለት በሬዎቹንም አየ። ከዚያ ገመዱን አንስቶ ከሩቅ በግራዝማች አንገት ልክ ይዘረጋው ጀመር።

«አንተ! ምን ትለካለህ?»

«ቀንበር ነዋ፣ ጌታዬ። ይህ ጭድ የአራሾቹ ቀለብ ነው፤ ቀለቡን ከወሰዱ ሰኔ ላይ የሚስቡት እርስዎ ነዎት። የቸገረኝ ሌላ ነው፤ ከነዚህ ሽማግሌዎች ከየትኛው ጋር ልጥመድዎ?»