አሸዋ ለባሿ እመት ሰፌዲት

አንድ ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ፣ አማዞን በሚሉት ግዙፍ ወንዝ ውስጥ እመት ሰፌዲት የምትባል ዓሣ ትኖር ነበር። ስሟን ያወጣላት መልኳ ነው፤ ክብና ጠፍጣፋ፣ ሁለት ዓይን አናቷ ላይ ጉብ ያሉባት። ከኋላዋ ረጅም ጅራት፣ ጅራቷ ላይ ደግሞ መርዘኛ እሾህ አላት። እሾህ ያበቀለ ሰፌድ ያየ ካለ እስኪ ይናገር!

አመሏ አሸዋ ለብሶ መተኛት ነበር። ትል ሲያልፍ ላፍ ታደርጋለች፤ የረገጣትን ደግሞ በእሾኋ ጠቅ! ከዚያ «ሳያዩ የሚረግጡ!» ብላ ታኮርፋለች። ተደብቆ ተኝቶ «ለምን አላያችሁኝም» ማለት፣ ጉድ እኮ ነው።

ጎረቤቷ አያ ሪዞ የሚባል ሽማግሌ አምባዛ ነበር። ዓይኑ ስለደከመ መንገዱን የሚያውቀው በረጃጅም ሪዙ እየዳበሰ ነው። ትል ካገኘ ግን ሳያካፍላት አይውጥም።

በበጋ፣ ወንዙ ጎድሎ ሳለ፣ አያ ሪዞ ትል በአፉ ይዞ መጣ።

«ሰፌዲት! የት ነሽ አንቺ?»

ሰምታዋለች። «ይፈልገኝ፣ ምን ያስቸኩለዋል» ብላ ዝም አለች። እሱም ሲዳብስ፣ ሲዳብስ፣ ሆዱን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ጠቅ!

«ዋይ! በእኔም ጨከንሽ?»

«ማን ርገጥ አለህ?»

«ስጠራሽ አፍሽን ምን ያዘው?»

ይህን ሲል ከጎኑ የሚፈሰው ደም ውኃውን አቀላው። የሰፌዲት ልብ ስንጥቅ አለ። ደም ማንን እንደሚጠራ ታውቃለቻ!

ወዲያው አያ ፒራኛ ከተፍ አለ። ፈጣሪ ጥርሱን ሲደረድርለት አንጎሉን የረሳበት ዓሣ ነው።

«ሥሬ ግባ!» አለች ሰፌዲት። አያ ሪዞን ከደነችውና በላያቸው አሸዋ በተነች።

«ደም ደም ይሸተኛል» አለ ፒራኛ እየዞረ። «ማን አለ እዚህ?»

የዕድሜ ልክ አመሏ ዝም በይ አላት። የሽማግሌው ሪዝ ጫፍ ግን ከአሸዋው ወጥቶ ቀርቷል።

«ይኼ ትል እንዴት ይረዝማል!» አለና ፒራኛ አፉን በረገደው።

ያኔ ሰፌዲት አሸዋዋን አራግፋ ጅራቷን እንደ ጦር አቆመች። «እኔ ሰፌዲት እዚህ ነኝ! እሾኼም ይኸውልህ! ከሥሬ ምሳ የሚፈልግ መጀመሪያ ይህን ይቅመስ!»

«ኧረ እመቴ፣ እኔ እኮ... ሰላም ልበልሽ ብዬ ነው።»

«በዚህ ሁሉ ጥርስ?»

ፒራኛ ወደ ኋላው ሾለከ። አፉን ባዶ ላለመመለስ ግን መንገድ ላይ የገዛ ወንድሙን ጅራት ነከሰ አሉ።

አያ ሪዞ ከሥሯ ወጥቶ ትንፋሹን ሰበሰበ። «እንዲህ መጮህ የምትችይ ከሆነ» አላት፣ «ቅድም ለእኔ አንዲት ‹አቤት› ብትይ ምን ነበረበት?»

ቁስሉ እስኪሽር ትሉን እየለቀመች ያበላችው እሷ ሆነች።

ከዚያ ወዲህ ሪዙ አሸዋውን ሲዳብስ በሰማች ቁጥር እሾኋ እንዳይነካው ጅራቷን ብድግ ታደርጋለች። «ቀስ በል አያ ሪዞ፣ እዚህ ነኝ!»

«አውቃለሁ» ይላታል፤ «ጎኔ መቼ ረሳሽ!»

ከዚህ የምንማረው፣ እሾህ ያለው ሰው ያለበትን አስቀድሞ ቢናገር ጠላቱን ከሩቅ እንደሚመልስ፣ ወዳጁንም ከመውጋት እንደሚድን ነው።